ሞተሩ ሳያንኳኳ ብሮንዚና መቀየር ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ መኪናዬ 210,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር ቤንዚን ነው፤ ምንም የተለየ ድምፅ የለውም። የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጓርኒሲዮን ስለሚያንጠባጥብ ኮፓው መውረዱ አይቀርም። አብሬ ብሮንዚናውን ላስቀይር? ወይስ ደህናውን ሞተር መነካካት ይሆናል?

መልስ፦ ብሮንዚና በክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ዙሪያ በሁለት ግማሽ የሚገጠም ስስ ተሸካሚ ብረት ነው። ኮፓው ከወረደ የቢዬላዎቹን (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች) ብሮንዚና ፈትተው ይዩ፤ የባንኮውን (ክራንኩ ራሱ የሚቀመጥበትን) ግን ማስረጃ ከሌለዎት አይንኩት። የቢዬላው የላይኛው ግማሽ የፍንዳታውን ምት በቀጥታ ስለሚቀበል አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ከታች ሆኖ ለመፍታትም ያመቻል። የባንኮውን የላይኛውን ግማሽ ለማውጣት ግን ክራንክ ሻፍቱ በቦታው እንዳለ አሽከርክሮ ማንሸራተት ይጠይቃል። ክራንኩ በክብደቱ ወደ ታች ስለሚንጠለጠልም በዚያ ሁኔታ የሚወሰድ ልኬት ያሳስታል።

ብሮንዚና የሚያልቀው በኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን በዘይቱ ሁኔታ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ብሮንዚናውና የክራንኩ አንገት (ብሮንዚናው የሚያቅፈው ለስላሳ ክብ ክፍል) አይነካኩም፤ መሃላቸው የዘይት ሽፋን አለ። 50 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ላለው አንገት ክፍተቱ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ዘይቱ ቆሽሾ ከሆነ፣ ቤንዚን ገብቶበት ከቀጠነ፣ መጠኑ ጎድሎ ፖምፓው አየር ከሳበ፣ ወይም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት እንዲጎትት ከተገደደ ያ ሽፋን ይበጠስና ብረት ለብረት ይገናኛል። ስለዚህ ዘይቷ በጊዜው ሲቀየር የኖረ መኪና በ300,000 ደህና ብሮንዚና ሊኖራት ይችላል፤ የተረሳችው ደግሞ በ100,000 ልትጨርሰው ትችላለች።

ከመፍታትዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ በፊልትሮ መቁረጫ ይክፈቱት። በብረት መጋዝ አይቁረጡት፤ የመጋዙ ብናኝ ከሞተሩ ብናኝ ጋር ይቀላቀልብዎታል። ወረቀቱን አውጥተው ዘይቱን ከጨመቁ በኋላ ዘርግተው ብርሃን ላይ ይዩት። ማግኔት የማይስበው የሚያብለጨልጭ ቅርፊት፣ በተለይ የመዳብ ቀለም ያለው፣ ብዙ ጊዜ የብሮንዚና ነው። ማግኔት የሚስበው ደግሞ ከሌላ የብረት ክፍል የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ የዘይት ግፊት መብራቱን አይመኑ፤ የሚበራው ግፊቱ በጣም ከወረደ በኋላ ነው። ሴንሰሩን ፈትተው በምትኩ ሜካኒካል ጌጅ ይግጠሙና ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞም (ነዳጅ ሳይሰጡ ሲሠራ) ከፍ ባለ ዙርም ይለኩ። ለብዙ ሞተሮች በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ፣ ማለትም 0.7 ባር ገደማ፣ የተለመደ ግምት ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የሞተሩ ማኑዋል ነው።

ሞተሩ ማንኳኳት ከጀመረ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የክራንኩ አንገት ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ብሮንዚና ብቻ መግጠም ለጥቂት ጊዜ ድምፁን ቢያጠፋ ነው፤ ክራንኩ ወጥቶ መለካት፣ ካስፈለገም መቆረጥ (አንገቱ በማሽን ተልጎ መስተካከል) አለበት።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ካንዴላዎቹን ያውጡ፤ ክራንኩን በእጅ ማዞር ይቀላል። የሚፈቱት ቢዬላ ወደ ታች እስኪደርስ ያዙሩት። ከመፍታትዎ በፊት ክዳኑ (የቢዬላው የታችኛው ተፈቺ ግማሽ) እና ቢዬላው ላይ የሲሊንደር ቁጥር መኖሩን፣ ወደ የት እንደሚያይም ያረጋግጡ፤ ከሌለ በራስዎ ምልክት ያድርጉ። የአንዱን ክዳን ለሌላው መግጠም ወይም አዙሮ መግጠም ፈጽሞ አይቻልም፤ ቀዳዳው የተቆረጠው ሁለቱ እንደተገጣጠሙ ነው። ክዳኑ ሲወጣ ብሎኑ ቢዬላው ላይ ተተክሎ የሚቀር ዓይነት ከሆነ ጫፉን በጎማ ቱቦ ይሸፍኑት፤ አንድ ጭረት አንገቱን ያበላሻል።

የወጡትን ብሮንዚናዎች በቅደም ተከተል ዘርግተው ያንብቧቸው፤ ገንዘብዎን የሚያድነው እዚህ ጋ ነው። ወጥ የሆነ ግራጫ ገጽ ጤናማ ነው። መዳብ ቀለም ከወጣ የላይኛው ልባስ አልቋል። ዙሪያውን የተከተሉ ጭረቶች ቆሻሻ እንዳለፈ ያሳያሉ። በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ቢዬላው ጠሟል ወይም አንገቱ ሾጣጣ ሆኗል፤ አዲስ ብሮንዚናም በዚያው መንገድ ያልቃል። በጀርባው ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ደግሞ ሲገጠም ከኋላው ቆሻሻ ቀርቶ ነበር።

አንገቱን ጠርገው ጥፍርዎን ከጎን ወደ ጎን ይሳቡበት። ጥፍርዎ ከያዘ፣ ወይም በማይክሮሜትር በተለያየ ቦታ ሲለኩት ልዩነቱ ከማኑዋሉ ወሰን ካለፈ፣ አዲስ ብሮንዚና አያድነውም። ለስላሳ ከሆነ በአሮጌው ብሮንዚና ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «ኤስቲዲ» ከሆነ መደበኛ ነው፤ 0.25 ወይም 0.50 ከተጻፈ ክራንኩ ከዚህ በፊት ተቆርጧልና ያንኑ ቁጥር ይግዙ። አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ መደበኛውን ራሱ በቀለም ወይም በቁጥር ይከፋፍሉታል፤ የክራንኩንና የቢዬላውን ምልክት ሳያመሳክሩ አያዝዙ። ለ4 ሲሊንደር 4 ጥንድ፣ ማለትም 8 ግማሽ ያስፈልጋል።

ሲገጥሙ የብሮንዚናው ጀርባና የሚቀመጥበት ቦታ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። እዚያ ዘይት መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሙቀቱ ወደ ቢዬላው እንዳይተላለፍ ያደርጋል። ጫፉ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ መታየቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሲጠብቅ የሚያጣብቀው እሱ ነውና እንዳይሞርዱት።

ከዚያ ይለኩ። አዲስ ዕቃ ስለሆነ ብቻ ልኩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በደረቁ አንገት ላይ ፕላስቲጌጅ የሚባለውን ቀጭን ክር በርዝመቱ ያስቀምጡ፤ ክዳኑን ገጥመው በቶርክ መፍቻ በታዘዘው ልክ ያጥብቁ። ክራንኩን እንዳያዞሩት። መልሰው ሲፈቱት የተጨፈለቀውን ክር ከወረቀቱ መለኪያ ጋር ያመሳክሩ፤ ሰፊ ሆኖ ከተጨፈለቀ ክፍተቱ ጠባብ ነው። የክሩ ሁለት ጫፍ እኩል ካልሆነ አንገቱ ሾጣጣ ነው። የአንድ ጊዜ የሚባሉት፣ በዲግሪ የሚጠብቁ ብሎኖች ካሉ ለልኬቱ አሮጌዎቹን፣ ለመጨረሻው ደግሞ አዲሶቹን ይጠቀሙ።

ልኩ ከተስማማ ክሩን ጠርገው የብሮንዚናውን ፊት በመገጣጠሚያ ቅባት ወይም በሞተር ዘይት ይቀቡና በደረጃ ያጥብቁ። አንድ ክዳን ባጠበቁ ቁጥር ክራንኩን በእጅ ያዙሩ። ድንገት ከከበደ ችግሩ አሁን ያጠበቁት ላይ ነው፤ ወዲያውኑ ይፍቱት። ቢዬላው ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት።

ኮፓውን ከመመለስዎ በፊት የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ያጽዱ፤ የመጋጠሚያውን ጎማም ይቀይሩ። ሲሊኮን የሚጠይቅ ኮፓ ከሆነ ቀጭን መስመር ይበቃል። ከልክ ያለፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣና ተቆርጦ ወንፊቱን ይደፍናል፤ በዚህ ምክንያት አዲስ ብሮንዚና በዘይት እጦት ሊቃጠል ይችላል።

ፊልትሮውን ከተቻለ ዘይት ሞልተው ይግጠሙ። ነዳጁንና ካንዴላውን አቋርጠው ግፊት እስኪታይ ሞተሩን በማስነሻ ያዙሩት። ከተነሳ በኋላ ዙሩን አያብዙ። 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ዘይትና ፊልትሮ ይቀይሩ፤ እስከዚያ ድረስም ከባድ ጭነት በዝቅተኛ ዙር አያስጎትቷት።