ማዘዣው የእናቴ ነው፤ መድኃኒቱ በፖስታ ቢላክ ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ እናቴ ሊጠይቁኝ ከመጡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። የያዙት የሦስት ወር መድኃኒት እየተገባደደ ነው፤ እርሳቸው ግን እስከ ስድስተኛው ወር ይቆያሉ። የሚወስዱት ለደም ግፊት አምሎዲፒን፣ ለእንቅልፍ ደግሞ ዳያዜፓም ሲሆን፣ ሁለቱንም ያዘዙላቸው ለዓመታት የሚከታተሏቸው ሐኪም ናቸው። ወንድሜ በዚያው ማዘዣ ከፋርማሲ ገዝቶ በፖስታ ሊልክልን ተዘጋጅቷል። ጥቅሉ እንዳይከብድ ኪኒኖቹን ከካርቶናቸው አውጥቶ በአንድ ትንሽ ከረጢት ሊያደርጋቸው፣ ከረጢቱን በልብስ መሀል ሊከተውና ቅጹን «ስጦታ» ብሎ ሊሞላ አስቧል። ማዘዣ እስካለን ድረስ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ የጥያቄዎ መልስ ለሁለቱ መድኃኒቶች አንድ አይደለም። የደም ግፊቱ ኪኒን፣ እርስዎ ያሉበት አገር ከፈቀደና አላላኩ ሥርዓቱን ከጠበቀ፣ በሰላም ሊደርስ ይችላል። ዳያዜፓሙ ግን በፖስታ መላክ የለበትም። ወንድምዎ ያሰቡት አስተሻሸግ ደግሞ ለአንዱም አይበጅም።

«ማዘዣ እስካለን ድረስ» ከሚለው እንጀምር። ማዘዣ ማለት አንድ ሐኪም የሥራ ፈቃድ ባገኘበት አገር ላለ ፋርማሲ የሚጽፈው ትእዛዝ ነው። እናትዎ መድኃኒቱን የያዙት በአግባቡ መሆኑን ያስረዳል እንጂ ድንበር የማሻገር ፈቃድ አይሆንም። ለጉምሩክ ሠራተኛ ሠላሳ ፍሬ ኪኒን የያዘ ጥቅልም ከውጭ የገባ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ የላኪው አገር ሕግ፣ የተቀባዩ አገር ሕግና የፖስታው ደንብ ሦስቱም መፍቀድ ይኖርባቸዋል። አንዱ ከከለከለ የሌሎቹ መፍቀድ አያድንም። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ተቀባዩ አገር ብቻ ቢሆንም፣ ለምሳሌ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒትን ግለሰብ ለግለሰብ በዚያው አገር ውስጥ እንኳ እንዲልክ አይፈቅድም፤ መላክ የሚችሉት እንደ ፋርማሲና ሐኪም ያሉ ሥልጣኑ ያላቸው ናቸው።

ያሉበትን አገር ስላልገለጹልን የሕጎቹን ልዩነት በጥቂት አገሮች እናሳይዎ። አውስትራሊያ ለግል ጥቅም በአንድ ጊዜ እስከ ሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒት በፖስታ እንዲገባ ትፈቅዳለች፤ ሆኖም መድኃኒቱ በማዘዣ የሚሰጥ ከሆነ ማዘዣው በአውስትራሊያ ከተመዘገበ ሐኪም መሆን ስላለበት የእናትዎ ሐኪም ወረቀት በዚያ አይበቃም። ጃፓን በማዘዣ የሚሰጠውን እስከ አንድ ወር የሚበቃ መጠን ትቀበላለች፤ ከዚያ ለበለጠ አስቀድሞ የማስገቢያ ማረጋገጫ ማውጣት ግድ ነው። ጀርመን እንግዳው ለራሱ የሚያስፈልገውን በሻንጣው ይዞ እንዲገባ ብትፈቅድም፣ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ በፖስታ ለግለሰብ የሚላከውን ትከለክላለች። «ለእገሌ እናት ተልኮላቸው ደርሷል» የሚለው ወሬ አገሩ ካልተጠቀሰበት የማይረባው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅሉ የሚላከው በማን ስም ነው? ይህን ጠያቂያችን አላነሡትም፤ እኛ ግን ዋናው ነጥብ ይመስለናል። የካናዳ ደንብ በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ከውጭ ማስመጣት የሚችሉትን ሲዘረዝር፣ ከሐኪሞች፣ ከፋርማሲስቶችና ከመድኃኒት ነጋዴዎች ጋር ለጉብኝት የመጣን የሌላ አገር ነዋሪ ይጨምራል፤ የአገሩን ነዋሪ ግለሰብ ግን አይጨምርም። ስለዚህ በልጅ ስም ቢላክ የሚያዘው ያው ኪኒን በእናት ስም ሲላክ ሊያልፍ ይችላል። አሜሪካም ለግል ጥቅም መድኃኒት ማስገባትን በመርሕ ደረጃ የምትከለክል ብትሆንም፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ከ90 ቀን በላይ ለሚቆዩ የውጭ ዜጎች መድኃኒት ሲላክላቸው የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ፣ የሐኪም ደብዳቤና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማዘዣ አብሮ እንዲላክ ይመክራል። እርስዎ ያሉበት አገር ከፈቀደ፣ ተቀባይዋ እናትዎ ይሁኑ፤ በጥቅሉ ላይ፣ በማዘዣውና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስምም እስከ ፊደሉ አንድ ይሁን።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንመለስ። ትንንሽ ጥቅሎች ላይ የሚለጠፈው ሲኤን 22 የተባለው የጉምሩክ ቅጽ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛት፣ ክብደትና ዋጋ ይጠይቃል፤ ከግርጌው ላኪው የሞላው እውነት መሆኑንና በውስጡ የተከለከለ ነገር አለመኖሩን በፊርማው ያረጋግጣል። «ስጦታ» የሚለው ምልክት ዕቃው ለምን እንደተላከ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ልብስ ብቻ ተብሎ በተፈረመበት ጥቅል ውስጥ ኪኒን ሲገኝ፣ በማብራሪያ ሊያልቅ ይችል የነበረው ጉዳይ ሐሰተኛ መግለጫ የመስጠት ጥፋት ይሆናል። ካርቶኑም ቢሆን የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የምርት ቁጥሩና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የተጻፈበት መታወቂያው ነው። ያለ እርሱ ሠራተኛው ኪኒኑ ምን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። እናትዎስ ቢሆኑ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከተቀላቀሉ ሁለት ዓይነት ኪኒኖች የግፊቱን ከእንቅልፉ በምን ይለዩታል? ጥቂት ግራም ለማቅለል ይህን ያህል አደጋ መግዛት አይገባም።

ዳያዜፓም እ.ኤ.አ. በ1971 በተፈረመው የሳይኮትሮፒክ (በአእምሮ ላይ የሚሠሩ) መድኃኒቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት አራተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ የሚገኝ ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነትም ናርኮቲክ (አደንዛዥ) እና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶችን ግለሰቦች በፖስታ እንዳይልኩ ይከለክላል። እንዲህ ያለው ጥቅል ሲያዝ ነገሩ በመውረስ ብቻ ላያበቃ፣ ላኪውንም ተቀባዩንም በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ይሁን እንጂ አለመላክ ማለት መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ማለት አይደለም። ዳያዜፓምን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንዴ ሲያቋርጥ ከብርቱ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት አልፎ የሚጥል ሕመም ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው።

ስለዚህ እኛ የምንመክርዎ በእጃችሁ ያለው ሳያልቅ፣ በዚህ ሳምንት፣ እናትዎን ባሉበት አገር ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷቸው ነው። ባዶውንም ቢሆን ካርቶኑን ይያዙ። የንግድ ስሙ ከአገር አገር ስለሚለያይ ሐኪሙ የሚፈልገው ጄኔሪክ ስሙን (የመድኃኒቱን የራሱን ስም) እና ሚሊግራሙን ነው፤ አምሎዲፒን ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለና በአብዛኛው አገር በዚሁ ስሙ የሚታወቅ በመሆኑ እዚያው ሊታዘዝላቸው ይችላል። ወንድምዎ በፖስታ ቢልኩ የሚሻለው የሐኪማቸውን ደብዳቤ ነው፤ መድኃኒቶቹን ከመቼ ጀምሮ፣ በምን መጠንና ለምን እንደሚወስዱ ተጽፎበት፣ የሐኪሙ ፊርማና የጤና ተቋሙ ማኅተም ያረፈበት ይሁን።