ልጅ ድክ ድክ ሲል ሳሎኑን ማራቆት የለብሽም

እህቴ፣ ልጅሽ መራመድ ጀምሮ አማትሽ «ቡፌውም ጠረጴዛውም ይውጣ» እንዳሉሽ፣ አንቺ ደግሞ ገና ያሟላሽው ሳሎን ባዶ እንዳይሆን እንደጨነቀሽ አነበብኩ። እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። አብዛኛው ጌጥሽ ባለበት ይቆያል፤ ትልቁ አደጋ ያለው ከሳሎኑ ውጭ ነው።

ከውሃው ጀምሪ። ውሃ ስለሚጠፋ ሁላችንም በበርሜልና በባልዲ እናጠራቅማለን። በዚህ ዕድሜ የልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንፃር ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ በአፍጢሙ ከተደፋ ተመልሶ መነሳት ያቅተዋል። ለመስጠም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል፤ ደግሞ ሳይጮህ ነው። በርሜሉ ጥብቅ ክዳን ይኑረው፣ ባልዲው ማታ ማታ ይደፋ፣ የመታጠቢያ ቤቱም በር ከላይ በኩል መቀርቀሪያ ይገጠምለት። በረኪናና ላምባ በውሃ ጠርሙስ መገልበጥ የሚባለውን ነገር እባክሽ ከቤትሽ አጥፊው። ምናልባት ቢጠጣ እንኳ አታስመልሺው፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል፣ ላምባ ከሆነም ሳንባው ይገባል። ጠርሙሱን ይዘሽ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ቡናውን አትተዪ፤ የቤታችን ውበት እሱ ነው። ግን ጀበናውም ከሰሉም ረከቦቱም ልጁ እጁን በሚሰድበት ከፍታ ላይ ናቸው፣ ቄጠማው ደግሞ ይጠራዋል። እኔ የቡናውን ቦታ ወደ ጥግ ወስጄ ሶፋውን እንደ አጥር አዞርኩት፤ ሳሎኑም አማረበት። ልጁን የሚይዝ ሰው ሳይኖር ከሰል አይቀጣጠልም። ሲቀጣጠልም መስኮት ይከፈት፤ ጭሱ ባይታይም የከሰል ጋዝ ይገድላል።

የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ከአማትሽ ጋር ነኝ፣ ይውጣ። በቦታው መሶብ አስቀምጪ፤ ክብ ነው፣ ስል ጠርዝ የለውም፣ ከመስታወቱም በላይ ያምራል። አሻንጉሊቱን ደግሞ በደንገል ቅርጫት ሰብስቢው። ግቢው ውስጥ ጉሎ ካለ ይነቀል፣ ፍሬው መርዝ ነው።

ስለ ቡፌው የፈሩት ግን ትክክል ነው፤ ልጅ መሳቢያውን ስቦ እንደ ደረጃ ሲወጣበት በላዩ ይገለበጣል። መፍትሔው ማውጣት ሳይሆን ማሰር ነው። አናጢ ጥሪና ከኋላው ከላይ በኩል በብረትና በብሎን ግድግዳው ላይ ያስርልሽ። ብርጭቆና ስኒው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይውጣ፣ ከባዱ ዕቃ ታች ይሁንና በሩ ይቆለፍ። አንዱን የታች ሳጥን ግን በላስቲክ ሳህንና በእንጨት ማንኪያ ሞልተሽ ለልጁ ተዪለት፤ የራሱ የሚበረብረው ነገር ካለው ሌላውን ብዙም አይነካም።