ኮስሚርን ከየት እንጀምር? የጣና ዳር ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ስለ መጻሕፍት የምናወራ ጥቂት ሰዎች አለን። ባለፈው ወሬው ወደ አሜሪካዊው የፋንታሲ (የአስማት ዓለም ልቦለድ) ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን ዞረ። ከዚያ ጥያቄ ዘነበብኝ። «አንተ ሁሉንም ጨርሰሃል፣ በል መልስ» ተባልሁ። ሁሉንም እንኳን አልጨረስሁም፤ ግን ከእነሱ ቀድሜ ተሳስቻለሁ። ከደብረ ማርቆስና ከዳንግላ የመጡም ስለነበሩ ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ኮስሚር የመጽሐፍ ስም ነው ወይስ ምንድን ነው?

መልስ፦ የመጽሐፍ አይደለም፤ ሳንደርሰን የፈጠረው፣ ብዙ ልቦለዶቹ የሚፈጸሙበት ዓለም ስም ነው። በውስጡ ብዙ ፕላኔቶች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሕዝብ፣ የራሱ አስማት፣ የራሱ መጻሕፍት አለው። ትልልቆቹ ተከታታዮች ሁለት ናቸው፦ ሚስትቦርንና ስቶርምላይት። ሚስትቦርን 7 ልቦለድ አለው። ስቶርምላይት 10 እንዲሆን ታስቦ የመጀመሪያዎቹ 5 ወጥተዋል፤ አምስተኛው የወጣው በዲሴምበር 2024 ነው። ከእነዚህ ሌላ ለብቻቸው የቆሙ አሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከየትኛው ልጀምር? አንድ ስም ብቻ ንገረኝ። (የደብረ ማርቆሱ ልጅ)

መልስ፦ ዘ ፋይናል ኢምፓየር። የ2006 መጽሐፍ ነው፤ የሚስትቦርን አንደኛ።

ለምን መሰለህ? ሰማዩ አመድ ያዘንባል፣ ሌሊቱን ጉም ይሸፍነዋል፣ አንድ የማይሞት ንጉሥ ሺህ ዓመት ገዝቷል። ጥቂት ሌቦች ተሰብስበው እሱን እንጣለው ይላሉ። ይኼው ነው። ማንም ሰው ይገባዋል።

አስማቱ ደግሞ እንደ ፊዚክስ ክፍል ነው። ሰዎቹ ብረታ ብረት በፈሳሽ ይውጣሉ፣ ከዚያ ሆዳቸው ውስጥ ያነዱታል። ቆርቆሮ ዓይንና ጆሮን ያሰላል። ብረት የዋጠ በዙሪያው ያለውን ብረታ ብረት ይስባል፣ አረብ ብረት የዋጠ ይገፋል። ሰውዬው ሳንቲም መሬት ላይ ይጥልና በአስማቱ ይገፋዋል። ሳንቲሙን መሬት ስለያዘው ወዴትም አይሄድም። ስለዚህ ሰውዬው ራሱ ወደ ላይ ይወረወራል! ይህን ገጽ ሳነብ ኪሴ ውስጥ የነበረውን የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቼ አየሁት። ሞኝነት ነው፣ ግን አየሁት።

ከእሱ በኋላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳታቋርጥ ቀጥል። 2007 እና 2008 የወጡ ናቸው። አራተኛው፣ ዘ አሎይ ኦፍ ሎው፣ ታሪኩ 300 ዓመት ወደፊት ይዘላል፤ ባቡርና ሽጉጥ መጥቷል። እዚያ ላይ ብትፈልግ ትንፋሽ ውሰድ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሁለተኛውን መጽሐፍ የጀርባ ሽፋን እንዳታነብ። የአንደኛውን መጨረሻ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያፈርጠዋል።

ጥያቄ፦ እኛ ጉባኤ ቃና ሳንቆጥር መወድስ አንነካም። አንተ ግን የደራሲውን የመጀመሪያ መጽሐፍ ኤላንትሪስን ዘለልኸው። ሥርዓት የለውም ማለት ነው? (ቅኔ ቤት የቆየ ወንድማችን)

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ ደስ አለኝ። ሥርዓትማ አለው። በአንድ ተከታታይ ውስጥ ያንተው ሥርዓት ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት። በሁለቱ ሳትፈተን ስምንቱን ብትሞክር ቤቱም ይፈርሳል፣ መምህሩም ይስቁብሃል። ሚስትቦርን ሁለትን ከሚስትቦርን አንድ በፊት ማንበብ እንደዚያ ነው።

ከአንዱ ተከታታይ ወደ ሌላው መሻገር ግን ከዋሸራ ቅኔ ቤት ወደ ጎንጅ ቅኔ ቤት እንደ መሄድ ነው። ዋሸራን ያስቀደመ አለ፣ ጎንጅን ያስቀደመ አለ። ማንም ተሳሳትህ አይለውም። ኤላንትሪስ 2005 የወጣ የጀማሪ ሥራ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ አካሄዱ ግን ይንቀራፈፋል። በእሱ የጀመሩ ሁለት ጓደኞቼ መሀል ላይ ትተውታል። ደራሲውን ከወደድኸው በኋላ ብታነበው ትታገሠዋለህ።

መጻሕፍቱን የሚያያይዘው ነገርም ለአንተ አዲስ አይደለም። ሰምና ወርቅ ነው። ሆይድ የሚባል ሰው አለ። በአንዱ መጽሐፍ ለማኝ ሆኖ ይቀመጣል፣ በሌላው ተረት ነጋሪ ሆኖ ይመጣል። ለጀማሪ አንባቢ ተራ ለማኝ ነው፤ ሰሙ ብቻውን ይበቃዋል። አራት አምስት መጽሐፍ ያነበበ ግን «ይኼ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣል። ስለዚህ ወርቁ ያመልጠኛል ብለህ አትጨነቅ። ስትመለስ እዚያው ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ በታሪኩ የዘመን ቅደም ተከተል ባነብስ?

መልስ፦ አይሆንም። የሲ. ኤስ. ሉዊስን የናርኒያ የልጆች መጻሕፍት አስታውሱ። የአንበሳውና የቁም ሳጥኑ ታሪክ በ1950 ወጣ፤ የዓለሙን አፈጣጠር የሚተርከው ደግሞ በ1955። በኋላ አታሚዎቹ የአፈጣጠሩን አንደኛ ብለው ቁጥር ሰጡት። እኔ ግን ልጅቷ ቁም ሳጥኑን ከፍታ በረዶ ስትረግጥ አብሬያት መደንገጥ ነው የምፈልገው። ስለዚያ ዓለም አስቀድሞ የተነገረው ሰው አይደነግጥም።

ጥያቄ፦ ወንድም ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ስቶርምላይት ነው የሚሉት። በእሱ ብጀምር ምን እሆናለሁ? (የዳንግላዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ምንም አትሆኚም፣ ክንድሽ ይዝላል እንጂ። አንደኛው፣ ዘ ዌይ ኦፍ ኪንግስ፣ ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። መጀመሪያው ላይ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የእኔን ልንገርሽ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት ክምር ውስጥ የስቶርምላይትን ሁለተኛ፣ ወርድስ ኦፍ ሬዲያንስን አገኘሁ። ርካሽ ስለነበር ገዛሁት። ቁጥሩን አላየሁም። ሁለት ሳምንት ታገልሁ። ሰዎቹ የሚያለቅሱበት ነገር ለእኔ ምንም አልነበረም። መጨረሻው አካባቢ አንድ ሰይፍ ይመጣል። በሌላ መጽሐፍ የተዋወቁት አንባቢዎች እዚያ ጋ እልል ይላሉ አሉ። እኔ ገጹን ገልብጬ አለፍሁ።

ያ ሌላ መጽሐፍ ወርብሬከር ይባላል፤ 2009 የወጣ፣ ለብቻው የቆመ። ስለዚህ ከተከታታዮች ውጭ አጥብቄ የምይዘው ቅደም ተከተል ይኼ ነው፦ ወርብሬከር ከስቶርምላይት ሁለተኛ በፊት። ደስ የሚለው ደግሞ ደራሲው ራሱ በድረ ገጹ ላይ በነጻ ለቆታል። ስልክሽ ላይ ማውረድ ትችያለሽ፤ ስርቆት አይደለም።

ጥያቄ፦ አጫጭሮቹ ታሪኮችስ የት ይገባሉ?

መልስ፦ ኤጅዳንሰር ከስቶርምላይት ሁለተኛና ሦስተኛ መካከል። ዶውንሻርድ ከሦስተኛና አራተኛ መካከል። ሲክሬት ሂስትሪ ከሚስትቦርን ስድስተኛ በኋላ፤ ቀድመህ ካነበብኸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሚስትቦርን መጻሕፍት ያበላሽብሃል። ዘ ኤምፐረርስ ሶል የትም ይገባል። በሁለት ቀን ያልቃል፤ 2013 ላይ ሁጎ የሚባለውን የሳይንስ ልቦለድና የፋንታሲ ሽልማት አግኝቷል።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ደም የበዛበት አልፈልግም። የሚሆነው አለ ልጄ?

መልስ፦ አለ እትዬ። ትሬስ ኦፍ ዘ ኤመራልድ ሲ የሚባል፣ 2023 የወጣ። አንዲት ልጅ የምትወደውን ልጅ ፍለጋ መርከብ ትሳፈራለች። ባሕሩ ግን ውኃ አይደለም። ከጨረቃ የሚወርድ፣ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ አረንጓዴ ብናኝ ነው። ጠብታ ውኃ ሲነካው ሐረግ ሆኖ ይፈነዳል። መርከበኛ ማላብ እንኳ ያስፈራዋል። ተራኪው ያ ሆይድ ነው፤ ልጅዎ ባያውቀውም ይስቃል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛው ይከብዳል?

መልስ፦ አይከብድም፣ ይበዛል እንጂ። የማታውቀው ቃል ሲመጣ እለፈው። ግማሹ እሱ ራሱ የፈጠረው ነው፣ መዝገበ ቃላት ውስጥም የለም።

ጥያቄ፦ ደራሲው የስቶርምላይትን አሥሩን ሳይጨርስ ቢሞትስ? እኔ ያላለቀ ነገር አልጀምርም።

መልስ፦ የሳንደርሰን ታሪክ ራሱ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ሮበርት ጆርዳን የሚባል ደራሲ ዘ ዊል ኦፍ ታይም የተባለውን ረጅም ተከታታይ በ1990 ጀመረ። በ2007 ሳይጨርሰው ሞተ። ባለቤቱ እንዲጨርሰው ወጣቱን ሳንደርሰንን መረጠችው። እሱም ማስታወሻዎቹን ይዞ ሦስት መጽሐፍ ጻፈ፤ የመጨረሻው፣ 14ኛው፣ በ2013 ወጣ። ደግሞም ሚስትቦርን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ያለቀ ታሪክ ነው። እሱን አንብበህ ብታቆም ማንም ዕዳ አለብህ አይልህም።

ጥያቄ፦ መጽሐፉን ከየት እናምጣ ታዲያ?

መልስ፦ የሚስትቦርን አንደኛው እኔ ጋ አለ። ዛሬ የደብረ ማርቆሱ ልጅ ይወስደዋል፣ ሲመልስ ለዳንግላዋ። ሁለተኛውም አለ። ጀርባውን በጋዜጣ ለብጬዋለሁ፤ እንዳትልጡት።