ፈረሱ አልዘለለም፣ ቋሚው ነው የበሰበሰው

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ከጅሬን በኩል ነው። "ፈረሴ ሌሊት ሌሊት አጥር እየዘለለ ይወጣብኛል። በዚህ ክረምት ብቻ ሦስት ጊዜ ወጥቷል፣ ሁሌም በአንድ ጥግ። አጥሩ የአጣና ቋሚና ሦስት ረድፍ እሾሃማ ሽቦ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቋሚዎቹን በሲሚንቶ አስሞልቻለሁ። አሁን ደረቱ ተቧጭሯል። አጥሩን ከፍ ላስደርገው?"

ወንድሜ፣ ከፍ አታስደርገው። ገንዘብህን ነው የምትጨርሰው። ዘሎ የወጣ ፈረስ የሚቧጨረው እግሩንና ሆዱን ነው። ደረቱ የተቧጨረ ፈረስ ገፍቶ ነው የወጣው። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሳር እየው። አንገቱ እስከሚደርስበት ድረስ ተላጭቶ ካገኘኸው፣ ፈረስህ በየቀኑ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲግጥ ከርሟል ማለት ነው። ቋሚው ደክሞታል።

ካቻቢቴ ይዘህ ወደዚያ ጥግ ሂድ። ቋሚው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ውጋው። ሲሚንቶው ከከለከለህ ጠርዙን በዲጂኖ ስበረው። ካቻቢቴው እንደ እርጥብ ዳቦ ሰርስሮ ከገባ፣ ጥፋተኛው ተገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እንጨት የሚበሰብሰው ውሃ ስለነካው ብቻ አይደለም። የሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃም አየርም ይፈልጋል። የቋሚው አናት ዝናብ ይመታዋል፣ ግን ፀሐይና ንፋስ ያደርቁታል። ታች ያለው እግሩ እርጥብ ነው፣ ግን አየር እምብዛም አያገኝም። ውሃና አየር የሚገናኙት አፈሩ ላይኛው ፊት ጋ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ነው። አሮጌ ቋሚ ነቅለህ እየው፤ አናቱ ጠንካራ፣ እግሩ ጠንካራ፣ ወገቡ ግን የተበላ ነው። አሁን ሲሚንቶ ጨምርበት። አጣናው በበጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ በእሱና በሲሚንቶው መሃል ቀጭን ክፍተት ይከፈታል። ዝናብ በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። እንጨቱ ኩባያ ውስጥ ቆመ ማለት ነው። በጅማ ዝናብ ደግሞ ያ ኩባያ መቼ ይደርቃል? ምስጡም ሳይጠራ ይመጣል። ሲሚንቶ የሞላልህ ሰው አጥርህን አላጠነከረም፣ ዕድሜውን አሳጠረው።

ከሁሉ በፊት ግን ያንን እሾሃማ ሽቦ አውጣ። ለከብት ይሁን፣ ለፈረስ አይሆንም። ከብት ሲያዝ ብዙ ጊዜ ቆም ይላል። ፈረስ ይደነግጣል፣ ይጎትታል፣ በጎተተ ቁጥር ሽቦው ይገባበታል። አንድ ባለጋሪ ጠርቶኝ ስደርስ የባዝራው ቋንጃ እስከ አጥንቱ ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ለፈረስ እሾሃማ ሽቦ ወጥሬ አላውቅም፣ ለማንም።

አዲሱ ቋሚ ጥድ ቢሆን ይመረጣል። አጣና ከሆነ የደረቀና ልጡ የተላጠ ይሁን። በርካሽ የሚሸጠው እርጥብ አጣና ከነልጡ የምስጥ ቀለብ ነው። 2 ሜትር ከ10 የሆነውን ቋሚ 70 ሳንቲ ሜትር ቅበረው፣ 1 ሜትር ከ40 ከላይ ይቀርሃል። በቋሚና በቋሚ መካከል ከ2 ሜትር ተኩል አትለፍ። ጠጠርና አፈር በ15 ሳንቲ ሜትር እየጨመርክ በደንብ ጠቅጥቀው። ዙሪያውን አፈሩን ኮረብታ አድርገው፣ ውሃው እንዲሸሽ። አናቱን ሰያፍ ቁረጠው። ጥጉ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ ድጋፍ አስገባ።

ከሽቦው ይልቅ ሦስት ወፍራም አግዳሚ እንጨት ምታ። በፈረሱ በኩል፣ ከውስጥ! ከውጭ የተመታ እንጨት ፈረሱ ሲገፋው ምስማሩን ይነቅላል፣ ከውስጥ የተመታው ግን ቋሚው ላይ ይጣበቃል። ምስማሩ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በመጀመሪያው መዶሻ የሚታጠፈውን ርካሽ ምስማር እዚያው ሱቁ ተወው።

በሩን በገመድ አትሰር፣ ፈረስ በከንፈሩ ይፈታዋል። ሰንሰለትና ቁልፍ ይበቃል።

ሽቦውን ስትቆርጥ ጓንት አድርግ፣ የተወጠረ ነገር ነውና ፊትህን አርቅ። ደግሜ እለዋለሁ፣ አንድም ረድፍ ቢሆን እሾሃማ ሽቦ አታስቀር፣ ቁርጥራጩንም ሳር ውስጥ አትተወው። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ፈረሱን ማታ ማታ ጋጣ አስገባው። ጅብ የሸተተው ፈረስ የትኛውንም አጥር አያይም።