መልስ፦ የዜብራ ዓሣ ፅንስ ሌሊቱን ሲቀረጽ ጅራቱ ለምን ይጣመማል?

ጅራቱን ያጣመመው አጋሮዙ (ፅንሱን እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ጄል) ነው፤ ማይክሮስኮፑ ለመቅረጽ የሚያበራውን ሌዘር ለጊዜው ተወው። የአንድ ቀን ፅንስ 1% አጋሮዝ ውስጥ ቀብረህ ሌሊቱን ሙሉ ቀረጽከው። ፅንሱ ግን እያደገ ነው። ጅራቱ መርዘሚያ ቦታ ሲያጣ ይታጠፋል፣ ከፎከስም ይወጣል።

አጋሮዙ ከረጋ በኋላ በጅራቱ ዙሪያ ያለውን ብቻ በቀጭን ምላጭ ቆርጠህ አንሳ። ጭንቅላቱና አስኳሉ እንደተያዙ ይቆዩ። ከላይ በምትጨምረው ውሃ ውስጥ ትሪኬይን (የዓሣ ማደንዘዣ መድኃኒት) ይኑር፤ አለበለዚያ ነጻ የወጣው ጅራት እየተወራጨ ምስሉን ያበላሽብሃል። ሙቀቱ 28.5 ዲግሪ ይሁን።

ላይት ሺት ማይክሮስኮፕ (በስስ የብርሃን ንጣፍ የሚቀርጽ) ካላችሁማ በጣም የተሻለ ነው። ፅንሱን 0.1% አጋሮዝ በያዘ የኤፍኢፒ ቱቦ (ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ) ውስጥ አስገባው፣ የታችኛውን ጫፍ ወፈር ባለ አጋሮዝ ድፈነው። እንደልቡ ያድጋል። ብርሃኑም የሚያርፈው በዚያች ቅጽበት በሚቀረጸው ስስ ንጣፍ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ከልምዴ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚያው ቀን እንቁላሎች ጥቂቶቹን በተመሳሳይ አጋሮዝና ትሪኬይን፣ ያለ ሌዘር አቆይ። ልቡ ስለመታ ብቻ ደህና ነው አትበል፤ እድገቱ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ጠዋት አወዳድር። ሁሉም ከዘገዩ ሙቀቱን ወይም መድኃኒቱን ፈትሽ። የተቀረጸው ብቻ ከዘገየ የሌዘሩን ኃይል ቀንስ፣ በምስሎቹ መካከል ያለውንም ጊዜ አስረዝም።