ሲዲን በተርሚናል መጻፍ፦ የድሬዳዋ ጥያቄና መልስ

እዚህ ድሬዳዋ ሊኑክስ ላይ የምንሠራ ሰዎች ስለ ሲዲ አጻጻፍ ያላችሁን ጥያቄ እንድመልስ ስለጠየቃችሁኝ የዛሬውን ከሰዓት በኋላ ለዚሁ ለይቻለሁ። ሲዲ የሚጽፈው ዎዲምና የሚጻፈውን አንድ ፋይል፣ ኢሜጁን፣ የሚያዘጋጀው ጄኒሶኢሜጅ ተጭነውላችኋል፣ ድራይቩም ዴቭ ስር ኤስአር0 ተብሎ ይታያል ብዬ እነሣለሁ። ትእዛዞቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ተርሚናሉ ያወጣውን የስህተት መልእክት ሳትቀንሱ ጻፉልኝ።

ጥያቄ፣ ከሳቢያን፣ የፎቶ ቤት ባለሙያ፦ ጋሼ፣ የሠርግ ፎቶዎች በሲዲ ጽፌ ለደንበኛ ሰጠሁ። ዎዲም ያለ ምንም ስህተት ነው የጨረሰው፤ ደንበኛው ግን የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች አይከፈቱም ብሎ መለሰልኝ። ዲስኩን በዲዲ፣ በጥሬው በሚያነበው ትእዛዝ፣ አንብቤ ከኢሜጁ ጋር ሳስተያየው መጨረሻው ላይ የንባብ ስህተት ይሰጠኛል፣ የኤምዲ5 ማመሳከሪያ ቁጥሩም አይገጥምም። ዲስኩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ እንዲህ የተሟላ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ዲስኩ ተበላሽቷል ለማለት ገና ነው፤ ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀውብዎታል። ዎዲም የአጻጻፍ ዘዴ ካልተነገረው ታኦ የተባለውን፣ ትራክ በትራክ የሚጽፈውን ዘዴ ሊወስድ ይችላል፤ የትኛውን እንደወሰደ ሥራ ሲጀምር ራሱ ይናገራል፤ ያንን መስመር ግን የሚያነበው ሰው የለም። በዚህ ዘዴ በተጻፈ ትራክ ጫፍ ላይ ሌዘሩ ሲያቆም የሚተዋቸው ሁለት ብሎኮች፣ ማለትም የዳታ ቁራጮች፣ አሉ። ድራይቩ የትራኩን ርዝመት ሲናገር ይቆጥራቸዋል፣ ሊያነባቸው ግን አይችልም፤ ስለዚህ ዲዲ እስከ መጨረሻው አንብብ ሲባል እዚያ ደርሶ ይሰናከላል።

መፍትሔው ልኩን ራስዎ መንገር ነው። የኢሜጁን መጠን በባይት አይተው ለ2,048፣ ለአንድ ብሎክ ልክ፣ ያካፍሉት። 681,574,400 ባይት ከሆነ 332,800 ብሎክ ይወጣዋል፤ ዲዲን የብሎክ መጠን 2048፣ ብዛት 332800 ብለው ያዝዙትና ውጤቱን በፓይፕ ቁጥሩን ወደሚያሰላው ትእዛዝ፣ ወደ ኤምዲ5ሰም፣ ያሳልፉት። ከዚያ በፊት ዲስኩን አስወጥተው መልሰው ያስገቡት፤ ይህን ካላደረጉ ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ስለ ዲስኩ ቀድሞ የያዘውን መረጃ ይዞ ሊያሳስትዎት ይችላል።

የፎቶው አለመከፈት ደግሞ የዚያው መዘዝ ሳይሆን አይቀርም። ከርነሉ ፋይል ሲያነብ ከተጠየቀው አልፎ ጥቂት ብሎኮችን ቀድሞ ይስባል፤ የመጨረሻው ፎቶ ከእነዚያ ሁለት ብሎኮች ጋር ከተጎራበተ ደህናው ፎቶ አብሮ ይወድቃል። ጄኒሶኢሜጅ ይህን ለማስቀረት መጨረሻው ላይ ፓድ የሚባል 150 ባዶ ብሎክ፣ 300 ኪሎባይት ማለት ነው፣ በራሱ ይጨምራል። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ይህን አጥፍተውት እንደሆነ መልሰው ያብሩት፤ አለዚያም ዲስኩን በአንድ ጉዞ በሚጨርሰው በዳኦ ዘዴ ይጻፉ። ዎዲም ጨረስኩ ማለቱ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ሥራው የሚያልቀው ዲስኩ ተነብቦ ቁጥሩ ሲገጥም ነው።

ጥያቄ፦ ሲዲ አልጽፍም አለኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ብሎ ነው አልጽፍም ያለዎት? መልእክቱን ይላኩልኝ።

ጥያቄ፣ ከሐረር ጁገል፦ በዩኤስቢ የሚሰካ ቀጭን ድራይቭ አለኝ። ማንበብ ያነባል፤ ልጽፍ ስል ግን ገና ከጅምሩ የኃይል መለኪያ ቦታ ስህተት ብሎ ያቆማል። ሦስት ዲስክ ጣልኩ።

መልስ፦ ሦስተኛውን መጣል አልነበረብዎትም። ድራይቩ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ዲስኩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በተለየ ስፍራ ሌዘሩን በተለያየ ጉልበት ይሞክራል፤ መልእክቱ የሚለው ያ ሙከራ ከሸፈ ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው የኤሌክትሪክ አቅርቦቱን ነው፤ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ ለንባብ የሚበቃው ለመጻፍ ያንሳል። ሁለት ራስ ያለውን ገመድ ይጠቀሙ፤ ማከፋፈያ ላይ ሰክተውት ከሆነ ከዚያ ነቅለው ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ይሰኩት።

ቀጥሎ አቧራ ነው። እኔ ዘንድ ባለፈው በጋ በዚሁ ስህተት የመጣ ድራይቭ ሲከፈት፣ የምስር ፍሬ የምታህለው ሌንስ ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ የድሬ አቧራ ተኝቶ ነበር። በንጹሕ ጥጥ፣ ሳልጫን፣ ከመሐል ወደ ዳር አንድ ጊዜ ብቻ ጠረግኩት፤ ያው ድራይቭ እምቢ ባለው ዲስክ ላይ ጻፈ። ሌንሱ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ስለሆነ የተጫነ ሰው ድራይቩን ይቀብረዋል። አንድ ሲዲ ደግሞ ወደ 100 ለሚሆን ሙከራ ብቻ ቦታ ስላለው ያንኑ ዲስክ እየደጋገሙ አይሞክሩ።

ሌላ አባል፦ ይህ ሁሉ መከራ የዎዲም ጣጣ ነው። ዎዲም የተቀዳበትን ዋናውን ሲዲሬኮርድን ብትጠቀሙ ኖሮ ግማሹ አይገጥማችሁም ነበር።

የፎቶ ቤቱ ባለሙያ፦ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ያለ ምክንያት አልተወውም። የፈቃዱ ጉዳይ አለ።

ሌላ አባል፦ ፈቃዱ ለእኛ ምናችን ነው? የምንጽፈው ሲዲ ነው፣ ውል አይደለም።

መልስ፦ እዚህ ላይ ልግባ። የሲዲሬኮርድ ደራሲ ዮርግ ሺሊንግ እ.ኤ.አ. በ2006 የፕሮግራሙን ዋና ክፍል ሲዲዲኤል ወደተባለው ፈቃድ አዛወረው፤ ዴቢያኖች ይህ ከቀድሞው ፈቃድ ከጂፒኤል ጋር አይስማማም ብለው ከቀድሞው ቅጂ ዎዲምንና ጄኒሶኢሜጅን የያዘውን ሲዲኪት አወጡ። ሲዲኪት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠባቂ እንዳጣ እውነት ነው፤ የሐረሩን ጠያቂ የገጠመው ግን ድራይቩ ራሱ የሚመልሰው ስህተት ስለሆነ በየትኛውም ፕሮግራም ይመጣል። እኔ ዳታ ኤክሶሪሶ በተባለው ሌላ ፕሮግራም፣ ኦዲዮ በዎዲም እጽፋለሁ፤ ኤክሶሪሶ የኦዲዮ ሲዲ አይሠራምና። ክርክሩን እዚህ እንዝጋው።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ተይዟል ይለኛል።

መልስ፦ ዴስክቶፑ በራሱ ማውንት አድርጎታል፣ ማለትም ከፍቶ ይዞታል። ዩማውንት ያድርጉት፤ ፋይሎቹን የሚያሳየውንም መስኮት ይዝጉ።

ጥያቄ፦ ፋይሎቼን በአማርኛ ሰይሜ ጽፌ ነበር፤ ዊንዶውስ ላይ ስማቸው ሰረዝ በሰረዝ ሆኖ ይታያል።

መልስ፦ ጆሊየት የተባለውን አማራጭ ሳይጨምሩ ኢሜጁን ሠርተዋል። መሠረታዊው የሲዲ ፋይል ደንብ፣ አይኤስኦ 9660፣ በስም ላይ የላቲን ትልልቅ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ይቀበላል፤ ፊደላችን ሲመጣበት በሰረዝ ይተካዋል። ሮክ ሪጅ የሊኑክስን፣ ጆሊየት የዊንዶውስን ስም ስለሚይዙ ሁለቱንም አብራችሁ እዘዙ፤ የፋይል ስሞቹ የፊደል ኮድ ዩቲኤፍ8 መሆኑንም ንገሩት። ደስ የሚለው፣ በዩቲኤፍ8 ሦስት ባይት የሚወስደው ፊደላችን በጆሊየት እንደ ላቲኑ ሁለት ባይት ብቻ ስለሚወስድ፣ የ64 ሆሄ ገደቡ ለእኛም እኩል ይሠራል። ለመኪና ማጫወቻ ግን ፋይሎቹን 01፣ 02 ብላችሁ ሰይሙ።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱን 48 ላድርገው?

መልስ፦ 16 ይበቃል፤ ሙሉ ዲስክ በአምስት ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

ሌላ አባል፦ 4 ይሻላል እንጂ፣ ቀስ ያለ ጽሑፍ ይጠልቃል።

መልስ፦ ይህ የጥንት ዲስኮች ወግ ነው። የኋለኞቹ ዲስኮች ቀለም ለፈጣን ጽሑፍ የተዘጋጀ ስለሆነ በጣም ማዝገም አንዳንዴ ስህተት ያበዛል። ብቻ በየትኛውም ፍጥነት ጽፋችሁ መልሳችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ለአይሱዙ ቴፕ 120 ሜጋባይት ኤምፒ3 ወደ ኦዲዮ ሲዲ ልቀይር ስል ዲስኩ ሞላ ይለኛል። 700 ሜጋባይት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ኦዲዮ ሲዲ የሚለካው በደቂቃ ነው። ኤምፒ3ው ሲፈታ በሴኮንድ 176,400 ባይት ይሆናል፤ 80 ደቂቃ ካለፈ አይገባም።

ጥያቄ፦ በርንፍሪ ከበራ መብራት ቢጠፋም ዲስኩ ይተርፋል?

መልስ፦ አይተርፍም። እሱ ዳታው ሲዘገይ ሌዘሩን አቁሞ ቆይቶ ይቀጥላል፤ ድራይቩ ራሱ ሲጠፋ ግን የሚያስታውስ የለም።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ተይዟል ይላል፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ ዲቪዲስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ዛሬ ሲዲ ብቻ።

የፎቶ ቤቱ ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ፓዱ እንደተባለው ጠፍቶ ኖሯል። አብርቼ እንደገና ጻፍኩ፣ አስወጥቼ አስገባሁ፣ በብሎክ ቆጥሬ አነበብኩ፤ ቁጥሩ ገጠመ፣ ፎቶዎቹም እስከ መጨረሻው ተከፈቱ።

መልስ፦ እንግዲያው ለደንበኛዎ ይስጡት። ባጃጁ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው ግን ይንገሩት፤ በድሬ ሙቀት የዲስኩ ቀለም ቶሎ ይጎዳል።