የመኪና ዘይት ጨምሬ ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለኝ፤ ሙሉውን ልቀይር?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ሞተር ሳይክሌ 150 ሲሲ ነው፣ ባለ አምስት ማርሽ። የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ደርሶ ስለነበር ከመኪናዬ የተረፈ 5ደብሊው-30 ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ጨመርኩበት። ውድ ዘይት ስለሆነ ለሞተሩም ይስማማዋል ብዬ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዳገት ላይ ጋዝ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። አራተኛና አምስተኛ ላይ ይብሳል። መካኒክ ጋ ወሰድኩት፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር አለኝ። ዘይቱን ከመቀየሬ በፊት ግን ምንም አልነበረበትም። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ ምንም ዕቃ እንዳትገዛ፣ ገና ነው። የችግርህ ቁልፍ ያለው «ከመቀየሬ በፊት ምንም አልነበረበትም» ባልከው ላይ ነው። ደህና ሲይዝ የነበረ ፍሪሲዮን ዘይት በተቀየረ ማግስት ድንገት አያልቅም። ዲስኮቹ በደህና ጊዜ ከተደረሰላቸው አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ልለምንህ፦ በዚህ ሁኔታ መንዳቱን አቁም። ዘይቱ ራሱ ዲስኩን አይገድለውም። የሚገድለው እየተንሸራተተ ሲነዳ የሚፈጠረው ሙቀት ነው። ዛሬ በዘይት ቅየራ የሚመለሰው ነገር፣ ሳምንት ሙሉ ዳገት ለዳገት ካንገላታኸው በኋላ መካኒኩ እንዳለው ሙሉ ቅየራ ይሆናል።

ለምን እንዲህ ሆነ? የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ ከሞተሩ ውጭ ነው የሚቀመጠው፣ የሞተር ዘይት አይነካውም። ያንተ ሞተር ሳይክል ላይ ግን ሞተሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ካምቢዮውንም (የማርሽ ሳጥኑን) ፍሪሲዮኑንም ያጥባል። ፍሪሲዮኑን ብትከፍተው ሸራ (ሰበቃ የሚፈጥረው ሽፋን) ያላቸው ዲስኮችና የብረት ዲስኮች አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ተደርድረው ታገኛለህ፤ እጀታውን ስትለቅ ሞላዎቹ አንድ ላይ ይጨፈልቋቸዋል፣ የሞተሩም ጉልበት በዚያ መጨፍለቅ በኩል ወደ ካምቢዮ ያልፋል። ሁሉም ነገር የቆመው በዲስኮቹ መካከል ባለው ሰበቃ ላይ ነው።

አሁን የመኪና ዘይት ሠሪውን አስብ። እሱ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አያሳስበውም። ነዳጅ እንዲቆጥብ ሰበቃን መቀነስ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ብረት ላይ ተለጥፈው የሚያሟልጩ ቅመሞች ይጨምርበታል። ከነዚህ አንዱ የሞሊብደነም ውህድ ነው። ለመኪናው ግሩም ነው። ያንተ ፍሪሲዮን ውስጥ ሲገባ ግን እጅን ሳሙና ቀብቶ ገመድ እንደመጎተት ነው፤ ሞላው ያው፣ ዲስኩ ያው፣ ግን መያዣ የለውም።

አራተኛና አምስተኛ ላይ የባሰበትም ለዚህ ነው። አንደኛ ላይ ሞተሩ ሳይክሉን በቀላሉ ስለሚገፋው ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ቶሎ ይወጣሉ፣ ትንሽ ቢንሸራተት እንኳ አይታወቅህም። ከባዱ ማርሽ ላይ ዳገት ስትይዝ ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ሳይክሉ ቶሎ አይነቃነቅለትም፣ ያ ሁሉ ጉልበት ዲስኮቹ ላይ ይወድቃል። የደከመ ፍሪሲዮን የሚጋለጠው እዚያ ነው።

ዘይቱን ከማፍሰስህ በፊት ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ አለ። የፍሪሲዮን እጀታውን ተመልከት። እጀታው ገመዱን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጫፉ ላይ በባዶው የሚንቀሳቀስበት ርቀት ሊኖር ይገባል፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትክክለኛውን ከመመሪያ መጽሐፍህ እይ። ይህ ባዶ እንቅስቃሴ ከሌለ ገመዱ ሁልጊዜ እንደተሳበ ነው፣ ስለዚህ ሞላዎቹ ዲስኮቹን ሙሉ በሙሉ አይጨፈልቁም። ዘይት ሲቀየር «እግረ መንገዴን» ብሎ ገመዱን የሚያጠብቅ ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ ዘይቱ ላይ ይላከካል። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሙሉ በሙሉ አዙረህ እየው፤ አንድ ጎን ላይ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ የገመዱ መንገድ ተጣሟል ማለት ነው። የዘይቱንም መጠን እይ፣ ከላይኛው ምልክት ያለፈ ከሆነ እሱም አንድ ጥፋት ነው።

እጀታው ደህና ከሆነ በትክክል መንሸራተት መሆኑን አንዴ ብቻ አረጋግጥ። ሜዳ የሆነና መኪና የሌለበት መንገድ ፈልግ፣ ሞተሩ ይሙቅ፣ በመጨረሻው ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄድክ ጋዙን በአንዴ ክፈተው። ዙሩ ከፍጥነቱ ጋር ቀስ እያለ አብሮ ከወጣ ፍሪሲዮኑ ይዟል። ዙሩ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ሳይክሉ እዚያው ከቀረ ተንሸራቷል። ዙሩም ካልወጣ ሳይክሉም ካልሄደ ደግሞ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ካርቡሬተር፣ የአየር ፊልትሮ፣ ወይም የያዘ ፍሬን። ሙከራውን አትደጋግመው፣ እያንዳንዱ መንሸራተት ዲስኩን ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዘይቱ። ሞተሩን ጥቂት አሙቀው፣ የሞቀ ዘይት ቀጥኖ በደንብ ይወርዳል። የማፍሰሻውን ቡሎን ፍታና ሳይክሉን ቀጥ አድርገህ አቁመህ ጠብታው እስኪቆም ጠብቅ፤ እዚህ ላይ አትቸኩል። ፊልትሮ ካለው ቀይረው፣ ፊልትሮው ብቻውን ብዙ የድሮ ዘይት ይዞ ይቀራል። ከዚያ ትክክለኛውን ዘይት ሙላና ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ለስለስ አድርገህ ንዳ፦ ሰው አትጫን፣ ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ቀንስ፣ ጋዙን በአንዴ አትክፈት። ከዚያ እንደገና አፍስሰህ እንደገና ሙላ። አዎ፣ አዲስ የሚመስል ዘይት መድፋት ያንገበግባል። ነገር ግን የመጀመሪያው ቅየራ ሁሉንም አያወጣውም፤ በዘይት መተላለፊያዎች ውስጥና በካምቢዮው ጥርሶች ላይ ይቀራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሸራው ቀዳዳዎች ውስጥ። ሸራው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው፣ የጠጣውን ቶሎ አይተፋም። ከመጀመሪያው ቅየራ በኋላ ሻል ብሎት ሙሉ በሙሉ ካልዳነ ተስፋ አትቁረጥ፣ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛው ሳይደርስ መንሸራተቱ ያው ከሆነ ግን ኪሎ ሜትሩን ለመሙላት ብለህ አትንዳው፣ ቀጥታ ወደ መክፈቱ እለፍ።

ትክክለኛው ዘይት የትኛው ነው? ሰዎች 10ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው የሚያዩት። ቁጥሩ ስለ ቅጥነቱና ስለ ውፍረቱ ነው የሚናገረው፣ ስለ ፍሪሲዮን ምንም አይልም። የተሠሩበት ዘይት 10ደብሊው-30 የሆኑ ሞተሮች አሉ፣ በሰላም ይሠራሉ። አንተ ማየት ያለብህ ጃሶ የሚለውን ምልክት ነው፣ የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃዎች ድርጅት ማለት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ለባለ አራት ምት የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ አወጡ፣ ልክ አንተ የገባህበት ችግር እየተደጋገመ ስለመጣ። ኤምኤ የተባለው፣ ዘይት ውስጥ ለሚሽከረከር ፍሪሲዮን የተፈተነ ነው። በ2006 ኤምኤ ራሱ ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ተከፈለ፤ ኤምኤ2 ሰበቃው ከፍ ያለው ነው። ኤምቢ የሚለው ግን ሰበቃው ዝቅተኛ ነው፣ ያንተ ዓይነት ሞተር ላይ አይገባም። ኤምቢ ለአውቶማቲክ ስኩተሮች ነው፣ የእነሱ ፍሪሲዮን ደረቅ ስለሆነ ዘይቱ አይደርስበትም። ከስኩተር ባለቤት ዘይት የምትበደር ከሆነ ይቺን አስታውስ።

ሌላው ምልክት ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) የሚለው ክብ ነው። ከክቡ ታችኛው ግማሽ ላይ ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ ወይም ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ (ቆጣቢ ማለት ነው) የሚል ካለ ወደ ሞተርህ አታስጠጋው። ያ ጽሑፍ ስለሌለ ብቻ ግን ለፍሪሲዮን ይሆናል ማለት አይደለም። እኔ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 ያልተጻፈበትን ዘይት፣ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ያለው ሞተር ላይ አልጨምርም፣ ማንም የፈለገውን ይበለኝ። ሲንተቲክ መሆኑ ግን ጥፋት የለውም። ኤምኤ2 የሆነ ሲንተቲክ ሞልቷል። «ሲንተቲክ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል» የሚለው ወሬ የመጣው ሰዎች የመኪና ሲንተቲክ እየጨመሩ ነው።

ሁለቴ ተቀይሮም የሚንሸራተት ከሆነ፣ ያኔ ይከፈታል። ዘይቱን አፍስስ፣ ገመዱን አላላ፣ የጎኑን ክዳን አውጣ፤ አብዛኞቹ ላይ በቀኝ በኩል ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን (ከክዳኑ ሥር ዘይት እንዳይፈስ የሚገባውን ማሸጊያ) አስቀድመህ ያዝ። የሞላዎቹን ቡሎኖች በአንዴ አንዱን ጨርሰህ አትፍታ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅህ ፍታ። ዲስኮቹን ስታወጣ በየደረጃው ፎቶ አንሳ። የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ሸራ ከሌሎቹ የተለየ የሆነባቸው ሞተሮች አሉ፣ የብረት ዲስኮቹም ስለታም ጠርዛቸው በአንድ ወገን ነው፣ ሲገቡ አቅጣጫቸው እንደነበረ መሆን አለበት።

መጀመሪያ አሽትታቸው። የተቃጠለ ሸራ ሽታው አይደበቅም። የብረት ዲስኩን ብርሃን ላይ አዙረህ እየው፤ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ጥላ ካለበት ክፉኛ ሞቋል። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኛውና ከሥሩ የክፍተት መለኪያ ቅጠል አስገባ፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ገደቡ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ ከገባ ጠሟል፣ ይቀየር። የሸራዎቹን ውፍረት በካሊፐር ለካ፣ አንዱን ሦስት አራት ቦታ ላይ፣ ከዚያ ከመመሪያው ገደብ ጋር አስተያይ። የሞላዎቹንም ቁመት ለካ። ሙቀት ሞላን ያደክማል፣ ያጠረ ሞላ ደግሞ አዲስ ዲስክ እንኳ ቢገባለት አይጨፈልቅም። ሞላዎቹ ከተቀየሩ ሁሉም አብረው ይቀየሩ።

ልኩ ደህና ከሆነና ሸራው ካልተቃጠለ ይታጠባል። ዲስኮቹን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ እጠብና በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ ከሸራው ቢጫ ዘይት መውጣቱን እስኪያቆም ድገመው። የብረቶቹን ፊት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ 400 ቁጥር አካባቢ፣ በክብ እንቅስቃሴ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ቀስ ብለህ እሸው፤ ከዚያ አንድ አሸዋ እንዳይቀር እጠበው። ሸራውን ግን በብርጭቆ ወረቀት አታሸው። ጠቁሮ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ አልቆለታል፣ መፋቅ አይመልሰውም። ሲደርቁ ሸራዎቹን ትክክለኛው አዲስ ዘይት ውስጥ ነክረህ አሳድራቸው። አዲስ ሸራም ብትገዛ እንደዚሁ ነው፤ በደረቁ የተገጠመ ሸራ መጀመሪያ በተነሳህባት ደቂቃ ሊቃጠል ይችላል።

ስትገጥም የሞላ ቡሎኖቹን አሁንም እያፈራረቅህ አጥብቅ። ትንንሽ ቡሎኖች ናቸው፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሮቹ በአብዛኛው 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚፈልጉት። ጡንቻ ካሳየህባቸው አሉሚኒየሙን በልተው ይወጣሉ፣ ያኔ ከዘይት ችግር ወደ ባሰ ችግር ትገባለህ።

ሰዎች እንዳያሳስቱህ የምፈራቸው ነገሮች አሉ። ኬሮሲን ወይም ናፍጣ ሞልተህ አስነሳው፣ ያጥበዋል የሚልህ ይኖራል፤ ተው፣ ቤሪንጎቹንና ፒስቶኑን ያለ ዘይት እንደማሽከርከር ነው። ከሞላዎቹ ሥር ሮንዴላ ጨምር የሚልህም አይጠፋም። ለጊዜው ይይዝልሃል፣ ግን እጀታው ድንጋይ ይሆናል፣ ሞላውም እስከ መጨረሻ ሊጨመቅ ስለሚችል ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፣ ማርሽ ማስገባት ያቅትሃል። «መንሸራተት ያቆማል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ተጨማሪ ቅመምም ይቅርብህ፣ የቸገረህ የማይፈለግ ቅመም ነውና ሌላ አትደርብበት።

መካኒክህ ክፉ አስቦ ነው አልልም። አልቋል ካለህ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ ከፍተህ ለክተሃል? ካልለካ ገና ግምት ነው። ለክቶ ውፍረቱ ከገደብ በታች ከሆነ ደግሞ ልክ ነው፤ ምናልባት ዲስኮቹ ቀድሞውኑ ወደ መጨረሻው ተጠግተው ነበር፣ ዘይቱ ገፋ አደረጋቸው። ያኔ ሸራውን፣ የጠመሙትን ብረቶችና ሞላዎቹን ቀይር። ዲስኮቹ የሚቀመጡበት የፍሪሲዮኑ ቤት ግን ጣቶቹ ላይ ዲስኮቹ ጥልቅ ጉድጓድ ካልቆፈሩበት አይቀየርም፣ «ሙሉውን» ሲሉህ እሱን አብረው እንዳይሸጡልህ እየው።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ የእጀታውን ባዶ እንቅስቃሴ እንደገና አስተካክል፣ ከመጀመሪያዋ ጉዞ በኋላም ሲቀዘቅዝ አንዴ እየው፣ አዲስ ሸራ ሲላመድ ትንሽ ይለዋወጣል። የተረፈውን 5ደብሊው-30 ወደ መኪናህ መልሰው፣ ከሞተር ሳይክሉ ዘይት ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ግን አታስቀምጠው።